የመጤ ወሬ ሲነሳ፦ ለዕድር፣ ለትምህርት ቤትና ለሰፈር ውይይት የሚሆን መመሪያ

በጎጃም ከተሞች ሰው ይመጣል፣ ሰው ይሄዳል። ከወለጋና ከመተከል ተፈናቅሎ ደብረ ማርቆስ፣ ቡሬ፣ ፍኖተ ሰላም፣ እንጅባራ ወይም ባሕር ዳር የገባ አለ። ከገጠር ቀበሌ ለቀን ሥራ ወደ ከተማ የመጣ አለ። ከሌላ ክልል መጥቶ ሱቅ የከፈተ፣ ከሌላ አገር መጥቶ መንገድ የሚሠራም አለ። የሚወራባቸው ግን ከቦታ ቦታ ብዙ አይለይም፦ ሥራ ነጠቁን፣ ኪራይ አስወደዱብን፣ ሌባ በዛ፣ በሽታ መጣ፣ ረድኤት ለምደው ሰነፉ። ባሕር ማዶም ስለ ስደተኛ የሚባለው ይኸው ነው።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ለዕድር ዳኞች፣ ለመምህራን፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለወጣት ማኅበራት ነው። እንዲህ ያለ ወሬ በመካከላቸው ሲነሳ ቁጭ ብለው እንዲመረምሩት ይረዳል። ተናጋሪውን ማሳፈር ጥቅም የለውም፤ ያፈረ ሰው ዝም ይላል እንጂ ሐሳቡን አይለውጥም፣ ከስብሰባው ወጥቶ ያንኑ ይደግመዋል። የሚሻለው ወሬውን ሊቆጠር ወደሚችል ጥያቄ መለወጥና ቆጠራውን ለተናጋሪዎቹ ራሳቸው መስጠት ነው። ሲቆጠር ከፊሉ እውነት ሆኖ የሚገኝ ወሬ አለ። ያንን መሸፈን የቀረውን ሥራ ሁሉ ያበላሻል፤ እንዳለ ተቀበሉት።

ዝግጅት

ከ12 እስከ 16 ሰው ይበቃል። ከዚያ ሲበዛ ሦስት አራት አንደበተ ርቱዕ ይናገርና ሌላው ሰሚ ሆኖ ይቀራል። ከተሰብሳቢዎቹ ቢያንስ አራቱ ራሳቸው ከሌላ ቦታ የመጡ ይሁኑ። አንድ ብቻ ከሆነ እንደ ተከሳሽ ይቀመጣል፤ የሚናገረው ሁሉ መልስ መስጠት ይሆንበታል። መሪው በሰፈሩ የሚከበር፣ ሥልጣን ግን የሌለው ሰው ይሁን። የቀበሌ ሹም የመራው እንደሆነ ሰው የልቡን ትቶ ሹሙ መስማት የሚፈልገውን ይናገራል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ቡና እየተፈላ፣ አንድ ሰዓት ተኩል በቂ ነው። የገበያ ቀን አይሁን። የሚያስፈልጉት ሦስት ትልልቅ ወረቀቶች፣ ማርከር፣ አንድ ኩባያ ባቄላ፣ አንድ ኩባያ ሽምብራና ላዩ ተከድኖ እጅ ብቻ የሚያስገባ ቀዳዳ የተበጀለት ካርቶን ናቸው። ባቄላውና ሽምብራው ለድምፅ መስጫ ነው። መሪው አንድ አባባል ያነባል፤ የሚስማማ ባቄላ፣ የማይስማማ ሽምብራ ያስገባል። ፊደል ያልቆጠረም በእኩል ይሳተፋል። ድምፁ ሁለት ጊዜ ይሰጣል፣ በመጀመሪያና በመጨረሻ። መሪው ከካርቶኑ ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ አጠገቡ ከቆመ ሰው እሱን ለማስደሰት ይመርጣል፣ ቁጥሩም ይዋሻል።

የማንም ስም፣ ብሔር ወይም መኖሪያ ቤት አይጻፍ። በዚህ ላይ ቸልታ አይፈቀድም። ለበጎ ተብሎ የተያዘ ዝርዝር ማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም፤ በዚህ ዘመን ደግሞ እንዲህ ያለ ዝርዝር ሰው ሊያስገድል ይችላል። የአካባቢው ሁኔታ ካልተረጋጋ ስብሰባውን አቆዩት፤ ወይም አራት አምስት ሰው ሆናችሁ በአንድ ቤት ቡና ላይ ጀምሩት።

ሁለቱ ዓምዶች

ወረቀቱን መሐል ለመሐል በመስመር ክፈሉት። በግራ «ከእኛ ስለሄዱት ምን ይባላል?»፣ በቀኝ «ወደ እኛ ስለመጡት ምን ይባላል?» ብላችሁ ጻፉ። መጀመሪያ የሚሞላው ግራው ነው። ቅደም ተከተሉን ከገለበጣችሁት ሰው የተናገረውን መከላከል ይጀምራል፤ ስለ ገዛ ልጁ ሲናገር ግን ይከፈታል።

ለግራው ዓምድ በጎጃም ወሬ አይጠፋም። በመስከረምና በጥቅምት ሰሊጥ ሊያጭድ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርደው፣ አዲስ አበባ ሎተሪ የሚያዞረው፣ በግንባታ ላይ ሲሚንቶ የሚሸከመው፣ በሰው ቤት የምትሠራው፣ ሳዑዲና ቤይሩት የገባችው፣ ሁሉም የዚህ አገር ልጅ ነው። በ2006 ዓ.ም ሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ እዚያ ስለ እነሱ ምን ይባል እንደነበር ከተመላሾች አፍ የሰማ ሰው በየቀበሌው አለ። «ሌባ»፣ «ወንጀለኛ»፣ «ሥራችንን የሚሻማ» እየተባለ ይጻፋል። በ20 ደቂቃ ውስጥ ወረቀቱ ይሞላል።

ከዚያ ቀኙን ሙሉ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሆኑ መሪው ትርጉም አይስጥ፣ አይምከር። ዝም ይበል። ብዙ ጊዜ ከተሰብሳቢው አንዱ ራሱ ይናገረዋል፤ ከእሱ አፍ ሲወጣ ደግሞ ክብደቱ ሌላ ነው።

«የእኛዎቹ ግን ሠርተው አዳሪ ናቸው» የሚል መምጣቱ አይቀርም። ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ታዲያ «የሪያድ ሰው ይህን በምን ያውቃል? የእኛን ልጅ ከመጥፎው ለይቶ የሚያይበት ምን መንገድ ነበረው?» ነው። መልሱ ቀርቦ መተዋወቅ፣ አብሮ መሥራት፣ በሰውየው በራሱ ሥራ መመዘን እየተባለ ይመጣል። እሱን በሦስተኛው ወረቀት ላይ ጻፉትና ግድግዳ ላይ ይቆይ፤ በኋላ ይፈለጋል።

ወሬውን የሚቆጠር ማድረግ

«እነሱ ክፉዎች ናቸው» አይመረመርም። «ከመጡ ወዲህ በዚህ ሰፈር የአንድ ክፍል ኪራይ ጨመረ» ይመረመራል። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው የሚያደርሱት ማን? የት? ከመቼ ወዲህ? ከማን ጋር ሲነጻጸር? የሚሉት ናቸው። አራተኛውን ሰው ይረሳዋል፤ ከወሬው አብዛኛው የሚፈርሰውም እሱ ላይ ነው። በአንድ ስብሰባ አንድ ወሬ ብቻ ያዙ። አምስቱን አንድ ላይ ማንሳት ከአንዱ ወደ ሌላው መዝለል ነው፤ አንዱም አያልቅም።

«ሥራ ነጠቁን»

ከሁሉ በላይ የሚነሳው ይህ ስለሆነ ጊዜ ስጡት። ከሥሩ ያለው ሐሳብ በከተማው ያለው ሥራ ልኩ የተቆረጠ ነው፣ አንዱ ሲወስድ ሌላው ያጣል የሚል ነው። በአንድ ጠዋት ከታየ እውነት ይመስላል፤ አምስት ሰው የሚፈልግ ቀጣሪ መጥቶ ሃያ ሰው ቆሞ ቢያገኝ አሥራ አምስቱ ባዶ እጁን ይመለሳል። በወራት ሲታይ ግን የመጣው ሰው ይበላል፣ ቤት ይከራያል፣ ጫማ ያሰፋል፣ እህል ያስፈጫል፣ ልብስ ይገዛል። ይህን ሁሉ የሚሠራለት ሌላ ሰው ነው፣ ብዙውን ጊዜም ነባሩ።

ይህን በትልቁ ያሳየ አጋጣሚ አለ። በ1980 እ.ኤ.አ. ወደ 125,000 ኩባውያን በጥቂት ወራት ውስጥ በጀልባ አሜሪካ ገቡ፤ ብዙዎቹ ማያሚ ቀሩ። የከተማዋ ሠራተኛ በአንድ ጊዜ በ7 በመቶ ያህል ጨመረ። ኢኮኖሚስቱ ዴቪድ ካርድ የማያሚን ደመወዝና ሥራ አጥነት ከሌሎች መሰል ከተሞች ጋር አስተያይቶ በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት በነባሩ ሠራተኛ ላይ ጉልህ ጉዳት አላገኘም። ሌሎች ተመራማሪዎች በበኩላቸው ሁለተኛ ደረጃ ያልጨረሱት ሠራተኞች ተጎድተዋል ብለው ተከራክረውታል፤ ክርክሩ አልተዘጋም። ለአንድ ዕድር የሚጠቅመው ዘዴው ነው፦ መጤ የበዛበትን ቦታ መጤ ካልበዛበት ቦታ ጋር ማስተያየት።

ቆጠራው እንዲህ ይካሄዳል። ሁለት ወጣቶች፣ አንዱ ነባር አንዱ አዲስ፣ ቀን ሠራተኛ ከሚቆምበት ቦታ ከጠዋቱ 12፡30 እስከ 3፡00 ይገኙ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ለአራት ሳምንት። የሚመዘግቡት ስንት ሰው ቆመ፣ ስንቱ ተወሰደ፣ ለምን ሥራ (ቁፋሮ፣ ድንጋይ ማቅረብ፣ ለግንበኛ ረዳትነት፣ ጭነት፣ አጨዳ)፣ በስንት ብር የሚለውን ነው። ማን ከየት እንደመጣ አይጠይቁ። በዚያው ሰሞን ሌሎች ሁለት ወጣቶች መጤ ባልበዛበት ጎረቤት ከተማ ተመሳሳዩን ይመዝግቡ።

ቆጠራው የሚበላሸው በቀን አመራረጥ ነው። ወር በገባ በ12፣ በ21ና በ29 በዓል የሚያከብረው ሰው ሥራ ስለማይወጣ የቆመው ሰው ያንሳል፤ እነዚህን ቀኖች ዝለሏቸው። በሐምሌና በነሐሴ ግንባታው ይቀዘቅዛል፣ ክፍያም ይወርዳል። በኅዳርና በታኅሣሥ የጤፍ አጨዳው ጉልበት ስለሚስብ ክፍያ ይወጣል። የነሐሴን ክፍያ ከኅዳሩ ጋር አስተያይቶ «መጤው አወረደው» ማለት ከሁሉም የተለመደው ስህተት ነው። ኅዳርን ከአምናው ኅዳር ጋር ብቻ አስተያዩ።

ከወሬው እውነት ሆኖ የሚገኘው ክፍል ይህ ነው፦ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲገባ ለአጭር ጊዜ የሚጎዳ አለ። የሚጎዳውም ያንኑ የጉልበት ሥራ የሚሠራው ድሃ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ራሱ አምና ካቻምና የመጣ። ክፍያው የሚወርድበት ምክንያትም ይታወቃል። አዲሱ ሰው መታወቂያ የለውም፣ ዘመድ የለውም፣ ቢከለከል የሚከስበት የለውም፤ ቀጣሪው ይህን አይቶ በቅናሽ ይወስደዋል። አዲሱን ሰው ማባረር ቀጣሪው ነገ ሌላ ምስኪን እንዳያገኝ አይከለክለውም። የሚረዳው ቆመው የሚጠብቁት ሁሉ፣ ነባርም አዲስም፣ ለቁፋሮና ለጭነት ከዚህ በታች አንወጣም ብለው የቀን ዋጋ መስማማታቸው ነው። ስምምነቱ የሚጸናው አዲሶቹ ሲገቡበት ብቻ ነው።

«ረድኤት ለምደው ሰነፉ»

እዚህ ላይ ክርክሩን ትታችሁ ሂሳብ ሥሩ። በአገራችን ለአንድ ሰው በወር የሚታሰበው ሙሉ የረድኤት ቀለብ 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ዘይት ነው። 15 ኪሎ ለ30 ቀን ሲካፈል በቀን ግማሽ ኪሎ እህል ይመጣል። አምስት ነፍስ ያለው ቤት 75 ኪሎ እህል ያገኛል ማለት ነው፤ ያም በሙሉና በጊዜው ከመጣ።

አሁን በወረቀቱ ላይ በዚህ ቀለብ ውስጥ የሌለውን ዘርዝሩ፦ ጨው፣ በርበሬ፣ ሽንኩርት፣ ማገዶ ወይም ከሰል፣ ሳሙና፣ የወፍጮ ዋጋ፣ የቤት ኪራይ፣ ደብተር፣ መድኃኒት፣ የትራንስፖርት። እናቶች ዋጋውን በቃላቸው ያውቁታል፤ እነሱ ይጥሩት፣ መሪው ይደምር። ድምሩ የሚያሳየው ቀለቡ ብቻውን ቤት እንደማያቆም ነው። ወይ ሰው ወጥቶ ይሠራል፣ ወይ ከስንዴው ይሸጣል። «ረድኤቱን ገበያ አውጥተው ይሸጣሉ» የሚለው ወሬ መልሱ እዚህ አለ። ለወፍጮና ለጨው ስንዴ የሸጠች እናት ቀለቡ ተርፏት አይደለም። ይህን ሂሳብ ሴቶች በሌሉበት አትሥሩት፤ ወንዶች ብቻ ሲሆኑ ማገዶና ሳሙና ይረሳል።

ሥራ ፈትተው የሚውሉ የሉም ማለት ግን አይደለም። ተፈናቃይ ጎልማሳ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ሲታይ ሦስት ነገር ይጠየቅ፦ የሚሠራበት መታወቂያ አለው? ቀለብ የሚታደልበት ቀን ስለማይታወቅ ከሰፈር መራቅ ፈርቶ ነው? ወይስ ያየው ነገር አድክሞት ነው? ለሦስቱም መድኃኒቱ የተለያየ ነው።

«ሌባ በዛ»

ቁጥርን ከቁጥር ጋር አታስተያዩ፤ ከሕዝቡ ብዛት አንጻር አስሉት። ለማሳያ አንድ ቀበሌ 8,000 ሰው አለው እንበል፤ 6,000 ነባር፣ 2,000 አዲስ። በዓመት ውስጥ በማስረጃ የተረጋገጠ 12 ስርቆት አለ፤ ዘጠኙ የነባር፣ ሦስቱ የአዲስ። ወሬው «ሦስቱ እኮ መጤ ናቸው!» ይላል። 3 ለ2,000 ሲካፈል ከሺህ ሰው 1.5 ነው፤ 9 ለ6,000 ሲካፈልም ከሺህ 1.5። ልዩነት የለም።

ሁለት ማስተካከያ ጨምሩ። ከአዲሶቹ ብዙዎቹ ወጣት ወንዶች ከሆኑ ከነባሩም ወጣት ወንዶችን ብቻ ውሰዱ፤ በየትም አገር ስርቆት በዚያ ዕድሜ ይበዛልና። ደግሞም የተጠረጠረውን ሳይሆን በፍርድ ጥፋተኛ የተባለውን ቁጠሩ፤ የማይታወቅ ሰው ቶሎ ይያዛል። በአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ መዝገቦች ላይ የተሠሩ ጥናቶችም ወደ አገሪቱ የገቡት ሰዎች የመታሰር መጠን እዚያው ከተወለዱት እንደማይበልጥ፣ በቅርብ አሥርት ዓመታት ደግሞ በብዙ እንደሚያንስ አሳይተዋል።

ኪራይ

ይህኛው ወሬ ከሌሎቹ ይልቅ እውነት የመሆን ዕድል አለው። ተፈናቃይ በብዛት የገባበት ሰፈር የአንድ ክፍል ቤት ኪራይ በእርግጥ ሊጨምር ይችላል፤ ቤት በአንድ ወር አይሠራምና። አሥር ተከራይና አምስት አከራይ ጠይቁ፦ ዘንድሮ ስንት ነው፣ አምና በዚህ ወር ስንት ነበር። ያንኑ አዲስ ሰው ባልገባበት ሰፈር ጠይቁ። በሁለቱም ከጨመረ ምክንያቱ ሌላ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባው ሁሉ ተወዷል፤ ቆርቆሮና ብረት የገዛ አከራይ ይህን በኪራዩ ላይ ያስባል። በአንደኛው ሰፈር ብቻ ከጨመረ ወሬው ልክ ነው፤ ያኔ የሚነጋገሩት አከራዮች ናቸው። ሌላው የሚረሳው፣ ያ የጨመረው ኪራይ የሚገባው በነባሩ ኪስ መሆኑን ነው። ጓሮ ሁለት ክፍል ሠርታ የምታከራይ ባሏ የሞተባት ሴት በዚያ ገንዘብ ልጅ ታስተምራለች።

«በሽታ አመጡ»

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በሌለበት ይህን አታንሱ። በእኛ በኩል ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ካላዛር ነው። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ናት፤ በመጨባበጥ፣ አብሮ በመብላት፣ በትንፋሽ አይተላለፍም። በመተማና በሁመራ ቆላ፣ ለሰሊጥ ሥራ ወርዶ ከግራር ሥር ሜዳ ላይ የሚያድር ሠራተኛ በዝንቧ ይነደፋል። በ1997 ዓ.ም ደቡብ ጎንደር ሊቦ ከምከም ላይ የታወቀው ወረርሽኝ ከቆላ በተመለሱ ሠራተኞች እንደገባ ይገመታል። መጀመሪያ ላይ መድኃኒት የተላመደ ወባ ተብሎ ብዙ ሰው አልቋል።

ስለዚህ ሰው ሲንቀሳቀስ በሽታ አብሮ ሊንቀሳቀስ እንደሚችል አትካዱ። ግን ተሸካሚው ማን ነበር? ለሥራ ወርዶ የተመለሰ የራስ ልጅ። «በሽተኛ» ተብሎ የሚሸሽ ሰው ደግሞ ሕመሙን ይደብቃል፤ የተደበቀ በሽታ ነው የሚዛመተው። ለሚወርዱት ሁሉ የሚነገረው ይኸው ነው፦ አጎበር ይያዙ፣ ከግራር ሥርና ከተሰነጣጠቀ መሬት ርቀው ይተኙ፤ ሲመለሱ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስና የሆድ በግራ በኩል ማበጥ ካለ ቶሎ ሆስፒታል ይሂዱ። በመጠለያ የሚታየው እከክና ተቅማጥም ከየት እንደመጡ አይናገርም፤ ውሃና መጸዳጃ እንደጎደለ ነው የሚናገረው።

ያበረከቱትን መመዝገብ

አንድ መንገድ ምረጡ። ሁለት ሰዓት በቂ ነው። በየሱቁ፣ በየጋራዡ፣ በየልብስ ስፌቱ፣ በየምግብ ቤቱ ገብታችሁ አራት ነገር ጠይቁ፦ የጀመረው ሰው የተወለደው እዚህ ነው፣ ሌላ ወረዳ፣ ሌላ ክልል ወይስ ሌላ አገር? ስንት ሰው ቀጥሯል? ሥራውን ያስተማረው ሰው አለ? ከመምጣቱ በፊት ይህ አገልግሎት እዚህ ነበር? ብሔር አትጠይቁ፤ ግብርና ገቢም አትጠይቁ፣ ወዲያው የገቢዎች ሰላይ ትባላላችሁ።

ለታሪኩ ክፍል ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በጢስ ዓባይ አጠገብ ያለው የአላታ ድልድይ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በኖራ የተገነባ ነው። ሕዝቡ የፖርቱጋል ድልድይ ይለዋል፤ ሥራው ግን ከህንድ በመጣ ግንበኛ እጅ እንደተሠራ ይነገራል። በንጉሡ ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብና ሳይንስ ያስተማሩ ህንዶችን የሚያስታውስ ሽማግሌ ዛሬም አለ። ከሁሉ የሚቀርበው የአብነት ትምህርት ቤቱ ነው። በዋሸራ፣ በጎንጅ፣ በዲማ ቅኔ ለመቁጠር ከጎንደር፣ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከትግራይ የመጣው የቆሎ ተማሪ ቁራሽ እየለመነ ተምሯል፤ ለምኖ የተማረው ሰው በሌላ አገር መሪጌታ ሆኗል። ጎጃም ለቅኔ የተጠራው ይህን እንግዳ ስላልመለሰ ነው።

ጎዶሎውንም ተናገሩ። ከ1977 ዓ.ም ድርቅ በኋላ ከወሎና ከሌሎች ቦታዎች ብዙ ሺህ ሰው ያኔ የጎጃም ክፍለ ሀገር በነበረው መተከል፣ ፓዌ ላይ ሰፍሯል። ሰፋሪው ብዙ ሞቶ፣ በወባ ተመትቶ፣ መሬቱን አለማ። ጉሙዙ ግን የሚያድንበትን ደንና የሚያርስበትን መሬት ሳይጠየቅ አጣ። ይህን የወሰነው መንግሥት ነው፤ ተጭኖ የመጣው ገበሬ አይደለም። የመንግሥትን ውሳኔና የሰውን ጠባይ ለይቶ ማየት በዚህ ሥራ ውስጥ ከባዱ ነገር ነው፤ በፓዌ ምሳሌ ግን ሰው ቶሎ ይገባዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። መዝገቡ የሠራውን ብቻ የሚያስከብር እንዳይሆን። ምንም መሥራት የማትችል አሮጊት፣ የታመመ ሰው፣ ሕፃን ልጅ በሰፈሩ ለመኖር ያበረከቱት ነገር አይጠየቁም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 በሕጋዊ መንገድ አገር ውስጥ ያለ ሰው የመዘዋወርና መኖሪያውን የመምረጥ ነጻነት አለው ሲል የሥራ ቅድመ ሁኔታ አላስቀመጠም።

ሲናገሩ

ለታላቅ ሰው፦ «አያ፣ የነገሩን ነገር ከባድ ነው። እርስዎ በዓይንዎ ያዩት ስንቱን ነው? የቀረውን ከማን ሰሙ?» ለእኩያ፦ «ወንድሜ፣ እኔም ሰምቻለሁ። ና እንቁጠረው።» «ዘረኛ ነህ» ማለት በሩን ይዘጋል። ወሬውንም ለማስተባበል ብላችሁ ደጋግማችሁ አትጥሩት፤ መጀመሪያ እውነቱን ተናገሩ፣ ወሬውን አንድ ጊዜ አንሱ፣ ወደ እውነቱ ተመለሱ።

«ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» የሚለው ተረት ሲወረወር ሁሉም ይስቅና ነገሩ ያልቃል። በተረት አትመልሱ። «መልካም፣ ይህ ሰው ምን አንጥፉልኝ አለ?» ብላችሁ የጠየቀውን ዘርዝሩ፦ የቀን ሥራ፣ የሚከራይ ክፍል፣ ለልጁ የትምህርት ቤት ቦታ። ዝርዝሩ ሲነበብ ሳቁ ይበርዳል።

ከመጡት አንዱን አቁማችሁ መከራውን እንዲተርክ አታድርጉ። ሰው ያዝንለትና ይሄዳል፤ እሱ ደግሞ ያልዳነ ቁስል ተነካክቶ ይመለሳል። ይልቅ የሚያውቀውን ያስተምር፣ ለወሰደበት ጊዜም ይከፈለው። ከንግግር ሁሉ የሚበልጠው ደግሞ እኩል ሆኖ አብሮ መሥራት ነው፦ ምንጭ ማጎልበት፣ የትምህርት ቤት አጥር ማጠር። አዲሶቹን የጉልበት፣ ነባሮቹን የአዛዥነት ድርሻ ከሰጣችሁ ግን ጥቅሙ ይቀርና ጉዳት ይሆናል።

ወንጀል በተፈጸመ ዕለት

አንድ አዲስ ሰው በስርቆት ወይም በግድያ ሲጠረጠር የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ወሳኝ ናቸው። ወዲያው ሦስት ሰው ይላክ፦ አንድ ወደ ተጎጂው ቤት፣ አንድ ወደ ፖሊስ፣ አንድ አዲሶቹ ወደሚኖሩበት። ተጎጂው ቤት መሄድ ይቅደም፤ እሱ ሳይጽናና ስለ ሌላው ሰው ደኅንነት መናገር ቁጣ ይጨምራል። በሰፈር የሚነገረው ቃል አጭር ይሁን፦ ምን ደረሰ፣ የተጠረጠረው ሰው የት ነው፣ ጉዳዩን ማን ይዞታል። ከየት እንደመጣ አይነገር። በስልክ የሚዞር ፎቶ ሲመጣ የቆየ ወይም የሌላ ቦታ እንዳይሆን የሕንጻውን ጽሑፍ፣ የመኪናውን ታርጋ፣ የሰዉን አለባበስ እዩ፤ ሳይጣራ አታስተላልፉ።

በሮቹን መክፈት

ከወሬው ብዙው የሚመነጨው አዲሱ ሰው የሚታወቅበት ሰነድ ስለሌለው ነው። የቀበሌ መታወቂያ ለማውጣት ከነበረበት ቀበሌ መሸኛ ይጠየቃል፤ ሸሽቶ የመጣ ሰው መሸኛ ከየት ያመጣል? መታወቂያ ሲያጣ ሲም ካርድ፣ የባንክ ደብተርና ቅጥር ያጣል፤ ከዚያም «መታወቂያ የሌለው» ተብሎ ይጠረጠራል። የዕድሩ ዳኛና ሁለት ጎረቤት ቀበሌ ሄደው ቢመሰክሩ ብዙ ጉዳይ ይቃለላል። የፋይዳ ምዝገባም ሰነድ የሌለውን ሰው በምስክር ስለሚቀበል ወደዚያ ምሯቸው። ከሌላ አገር የመጣ ስደተኛ ከሆነ የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ነው፤ ሥራ የመሥራትና የመማር መብትን በሁኔታዎች ፈቅዷል።

ሁለተኛው በር ዕድሩ ነው። አዲስ ሰው ብዙ ጊዜ የማይገባው የመግቢያውን ክፍያ ስለማይችል ነው። መግቢያው የሚሰላው የዕድሩ ንብረት ለአባላቱ ተካፍሎ ነው። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱና ብረት ምጣዱ 240,000 ብር ቢገመትና 120 አባላት ቢኖሩ የአንዱ ድርሻ 2,000 ብር ይሆናል። ይህን በአንድ ጊዜ መጠየቅ መከልከል ነው። በአሥር ወር ከፋፍላችሁ በየወሩ 200 ብር ከመደበኛው መዋጮ ጋር ተቀበሉ። በእነዚህ አሥር ወራት ውስጥ ሐዘን ቢደርስበት ቀብሩ፣ ድንኳኑና ለቀስተኛው እንደማንኛውም አባል ሙሉ ይሁን፤ የገንዘብ እርዳታው ብቻ ግማሽ ይሰጠው። ከዚያ ግማሽ ላይ ቀሪውን የመግቢያ ዕዳ አትቁረጡ፤ ሐዘንተኛ ባዶ እጁን እንዳይቀር ዕዳው በቀሩት ወራት ይቀጥል። ስምምነቱ በጠቅላላ ጉባኤ ጸድቆ መተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ ይጻፍ፤ በቃል ከቀረ አዲስ ዳኛ ሲመረጥ ክርክሩ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል።